የ45 ሰዓቱ ፊርማ

በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ መንጃ ፈቃዱን የሚረከበው ፍርድ ቤት ቀርቦ ነው። ጥፋት ሠርቶ አይደለም። ወላጁ አጠገቡ ቆሞ፣ ዳኛው መኪና መንዳት ምን ኃላፊነት እንደሚያስከትል መክረው ይሰጡታል። የፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ የሚደነግጥበት አገር ላደገ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል።

እዚያ ለመድረስ ግን ብዙ መንገድ አለ። ልጁ 15 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላው የለማጅነት ፈቃድ ያወጣል፤ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይዞት ይቆያል። በትምህርት ቤት ከሚማረው ሌላ 45 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ 15ቱን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ፈቃድ ያለው አዋቂ ጎኑ ተቀምጦ መለማመድ አለበት። ሰዓቱን የሚቆጥር የመንግሥት ሰው የለም። ወላጅ መዝግቦ ይፈርማል፤ መንግሥትም ፊርማውን ያምናል።

ትዝብቴ እዚህ ፊርማ ላይ ነው። በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለእረፍት አዲስ አበባ ስንገባ፣ የአሽከርካሪውን ሁሉ መንጃ ፈቃድ በገንዘብ የተገዛ እያደረግን እናማለን። ስንመለስ ደግሞ ሁለት ፈረቃ የምንሠራው ሰዎች የ45 ሰዓቱን ሰንጠረዥ በአንድ ምሽት እንሞላዋለን። እውነት እንዲመስል እስክሪፕቶ እየቀያየረ፣ ዝናብ የዘነበበትን ቀን ሳይቀር ፈጥሮ የጻፈ አባት አውቃለሁ።

ስንፍና ብቻ ነው ማለት ግን አልችልም። በአገራችን መንዳት ለብዙው ሰው እንጀራ ነው። የጭነት መኪና ረዳት ጎማ እየቀየረ፣ መኪና እያጠበ፣ ከሾፌሩ ጎን ዓመታት ተቀምጦ ነው መሪ የሚነካው። መኪና ባለው ቤትም ቁልፉ የአባት ነው፤ ልጅን የሚያስተምረው ማሠልጠኛው ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ማስተማርን ከማንም አላየንም። ፍሬንም መሪም በሌለበት ወንበር ተቀምጦ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ከባድ ነው። እኛ እንጮሃለን፤ ልጁ ይደናገጣል፤ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ይኳረፋሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «18 ይሙላውና ያወጣል» የሚለው ጥንቃቄ ነው። በአገራችን ሕግ መኪና መንዳት የሚፈቀደው በ18 ዓመት ስለሆነ ትክክል ይመስለናል። በቨርጂኒያ ግን 18 ዓመት ለሞላው ሰው 45 ሰዓቱም፣ የዘጠኝ ወሩ ቆይታም፣ የዳኛው ምክርም ቀርቷል። በምሽት መንዳትንና ጓደኛ መጫንን የሚገድቡት ደንቦችም ለታናናሾቹ የወጡ ናቸው። ጠብቀን የያዝነውን ልጅ፣ ደረጃ በደረጃ የሚያወጣው መሰላል በተነሣበት ቀን ብቻውን ወደ አውራ ጎዳና እንለቀዋለን። አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለምረቃ ብሎ አዲስ መኪና ይገዛለታል።

45 ሰዓት ለዘጠኝ ወር ሲከፋፈል በሳምንት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቁልፉን ለልጁ ብንሰጠው፣ ደርሶ መልሱ ብቻ አብዛኛውን ይሸፍነዋል። የትንሣኤን ሌሊት ግን አትቁጠሩት፤ ለማጅ ልጅ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት እንዳይነዳ ሕጉ ይከለክላል። ያን ዕለት አባት ራሱ እያዛጋ ይነዳል።