ከምን ተሻሻለ? ለማንስ ተሻሻለ?

በእንግሊዝኛ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው «ኢምፕሩቭመንት» (መሻሻል) የሚለውን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ከደገመ በኋላ ያፍርና የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ይገልጣል። መዝገቡም አይሰስትም፤ ኢንሃንስመንት፣ አሜሊዮሬሽን፣ ቤተርመንት፣ አፕግሬድ እያለ ይደረድርለታል። ጸሐፊው አንዱን መዝዞ ይሰካል። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮጀት በ1852 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታወቀውን የእንግሊዝኛ መዝገብ ሲያሳትም ቃላቱን ያሰባሰበው በሐሳብ ዝምድናቸው ነው። ዘመድ ደግሞ በዘመዱ ስም አይፈርምም። እነዚህ ቃላት የሚስማሙት ነገሩ ወደ ተሻለ ሁኔታ መሄዱን በመናገር ብቻ ነው፤ ከየት እንደተነሳ ሲናገሩ ይጣላሉ።

«አሜሊዮሬት»ን እንውሰድ። ሥሩ «የተሻለ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲኑ «ሜሊዮር» ነው። ጠንቃቃ ጸሐፊ ይህን ግሥ የሚያውለው ለመጥፎ ነገር ነው፤ ለረሃብ፣ ለሕመም፣ ለእስረኞች አያያዝ። ስለዚህ ቃሉ ኑዛዜ አለበት፤ ነገሩ መጥፎ እንደነበር ተናጋሪው ሳይጠየቅ ያምናል። «ኢንሃንስ» ግን መልካም የነበረው ይበልጥ መልካም ሆነ ይላል፤ የምግብ ጣዕም ወይም የፎቶግራፍ ጥራት ኢንሃንስ ይደረጋል። ስልኩ የማይነሳ፣ ወረፋው የማያልቅ መሥሪያ ቤት የአገልግሎቱን ጥራት «ኢንሃንስ» ማድረጉን ሲያበስር፣ ትናንትም ጥሩ ነበርን ማለቱ ነው። የተገልጋዩ ቅሬታ ስሙ እንኳ ሳይነሳ ተሰረዘ። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ለምን ይህን ቃል እንደሚያዘወትሩት አልገረምም፤ የሚገርመኝ ጋዜጠኛው እንዳለ መቅዳቱ ነው።

ቃሉ እስከ የት ሊሄድ እንደሚችልም ታይቷል። ከ2001 የሽብር ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ማዕከላዊ የስለላ ድርጅት እስረኞችን በውኃ ማፈንን፣ ለቀናት እንቅልፍ መንሳትንና ግድግዳ ላይ ማላተምን «ኢንሃንስድ» የምርመራ ዘዴ ብሎ ሰየማቸው። ምርመራው የተሻለ ሆነ ማለት ነው! የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ በ2014 መጨረሻ ይፋ ባደረገው የሪፖርት ማጠቃለያ ዘዴዎቹ መረጃ ለማግኘት ውጤታማ እንዳልነበሩ ደምድሟል። ስያሜው ግን ለዓመታት በየዜናው ሲነገር ኖሯል።

አንጋፋው «ኢምፕሩቭ» ራሱ ከደሙ ንጹሕ አይደለም። የመጣው በኖርማኖቹ ፈረንሳይኛ ትርፍ ከሚል ቃል ሲሆን፣ በመጀመሪያ አንድን ነገር፣ በተለይም መሬትን፣ ለትርፍ ማዋል ማለት ነበር። ከ1604 እስከ 1914 የእንግሊዝ ፓርላማ 5,200 ያህል የመሬት ማጠር ሕጎችን አውጥቶ 6.8 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን መሬት፣ የጋራ ግጦሽና ክፍት እርሻ የነበረውን ጨምሮ፣ ወደ ግል ይዞታ እንዲዞር አድርጓል። የዚህ ሁሉ መጠሪያ ኢምፕሩቭመንት ነበር። በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሰዘርላንድ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ለበግ እርባታ ቦታ እንዲለቁ ከአያት ቅድመ አያት መሬታቸው ተነቀሉ። የርስቱ ዋና ሹም ጄምስ ሎክ በ1820 ስለ ሥራው መጽሐፍ ሲያሳትም በርዕሱ ላይ ያስቀመጠው ይህንኑ ቃል ነው። ውሸታም አልነበረም። የባለርስቱ መሬት ተሻሽሏል፤ የተነቀለው ገበሬ ግን ሂሳቡ ውስጥ አልነበረም።

«ቤተርመንት»ም የራሱ ታሪክ አለው። በደቡብ አፍሪካ ከ1939 ጀምሮ ለጥቁሮች በተከለሉ አካባቢዎች ሥራ ላይ የዋለው እቅድ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። አፈርን ከመሸርሸር ለመጠበቅ በሚል የገበሬው ከብት ቁጥር በግዳጅ ተቀነሰ፤ ተበታትኖ የኖረውም ሕዝብ በተመደበለት መንደር ተሰበሰበ። በዚያ አገር የገጠር አረጋውያን ፊት ይህን ቃል ከማንሳት በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ይገባል።

እንግሊዝኛ ለአንባቢው የሚረዳ አንድ መሣሪያ አስቀምጧል፤ ትንንሾቹን መስተዋድዶች። «ኢምፕሩቭመንት ኢን» ሲባል ያው ነገር ራሱ ተሻሻለ፤ የተማሪው ንባብ ወይም የታማሚው አተነፋፈስ። «ኢምፕሩቭመንት ኦን» ሲባል አዲሱ ከቀድሞው ጋር ተነጻጽሮ በለጠ፤ ስለዚህ ቀድሞ የነበረው በቁጥር ወይም በስም መጠቀስ አለበት። «ኢምፕሩቭመንት ቱ» ሲባል ደግሞ በነገሩ ላይ አንድ ነገር ተጨመረ፤ ሕንፃው ቀለም ተቀባ፣ ሊፍት ተገጠመለት። የብዙ ተቋማት ዓመታዊ ሪፖርት ሲታይ ዝርዝሩ በሙሉ የሦስተኛው ዓይነት ነው፤ የተገዛ ኮምፒውተር፣ የታደሰ አዳራሽ፣ የተቀየረ አርማ። ማጠቃለያው ላይ ሲደረስ ግን «ቱ» በ«ኢን» ይተካና አገልግሎቱ ራሱ እንደተሻሻለ ተደርጎ ይጻፋል። በሁለቱ መካከል ተገልጋዩ ከበፊቱ ያነሰ መጠበቁን ወይም አለመጠበቁን የለካ የለም።