የሽኝት መዋጮ

ደግሞ ሽኝት! ዛሬ በጠዋቱ የስታፍ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ለፊዚክስ መምህራችን ሽኝት በነፍስ ወከፍ 300 ብር» ተብሎ ተለጠፈ፣ ከመስከረም ወዲህ አራተኛው ነው። የማስተምረው እዚሁ አራት ኪሎ አካባቢ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ስም ይቅርባችሁ።

እናቴ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የምትለዋን ተረት ለሁሉ ነገር ነበር የምታመጣት፣ ወተት ቢገነፍልም እሷኑ። እኔም ስወዳት! ዳይሬክተራችንን አይታ የወጣች ነው የምትመስለኝ። ሰውዬው በር ላይ የቅጥር ማስታወቂያ ሲለጥፍ ያሉት ደግሞ ውስጥ ክሊራንስ ያስፈርማሉ። ምኒልክ እዚሁ አፍንጫችን ስር ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህር ከግብፅ ድረስ ነው ያስመጡት፣ የኛው ግን ከሽሮ ሜዳ የሚመጣውን ማቆየት አቃተው።

ኧረ ያ ቀይ እስክሪብቶው! አምና አንድ ቀን ዝናቡም የታክሲ ሰልፉም ተባብረውብኝ 2፡02 ደረስኩ፣ መፈረሚያው ላይ ስሜ በቀይ ተሰምሮበታል። እንዴ፣ በዛው ሳምንት ሶስት ቀን እስከ 11 ሰዓት ቲቶሪያል ሳስተምር ማን በአረንጓዴ አሰመረልኝ? ደግሞ አንድ ባልደረባ አለችን፣ ከጀማሪ መምህርነት ተነስታ እርከኑን ስትወጣ ስትወጣ «መሪ መምህር» የደረሰች፣ አንድ ማርከር ለማውጣት ግን ፎርም ሞልታ ምክትሉ እስኪፈርምላት ኮሪደር ላይ ትገተራለች። ማንን ነው የምትመራው በናታችሁ?

ሰው የሚለቀው በደሞዝ ነው ይላሉ፣ እሺ፣ ደሞዙ የቤት ኪራይ እንደማይችል ለኔ አይነገረኝም። ግን ከዳይሬክተራችን በፊት በነበሩት ሴትዮ ጊዜ ደሞዙ ከዚህም ያነሰ ነበር፣ የለቀቀ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ልጄ የታመመች ቀን «አንተ ሂድ» ብለውኝ ጠመኔ ይዘው ክፍሌ ገቡ፣ ያውም የጂኦግራፊ ሰው ሆነው ሒሳብ ሊያስተምሩ። ምን እንዳስተማሩ እስከዛሬ አልጠየቅኩም።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ሽኝቱ። ዳይሬክተራችን አመት ሙሉ «አንተ» ብሎ የጠራውን መምህር በሽኝቱ ቀን «እርስዎ ለኛ ቤተሰብ ነበሩ» ይለዋል፣ ድምፁ ሁሉ ይቆራረጣል። ከዛ ስጦታ። ምን መሰላችሁ ስጦታው? የግድግዳ ሰዓት!

ለማንኛውም 200 ልኬያለሁ፣ መቶዋን ለሚቀጥለው ጨምሬ እልካለሁ።