ማስተካከያ፦ 35 በመቶው የሁለት ካርታ ዕድል ነው

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተጋራው አንድ የፖከር ምክር፣ ከፍሎፕ (ጠረጴዛው ላይ ከሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች) በኋላ አራት የልብ ካርታ ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ተጫዋች በሚቀጥለው ካርታ ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) የመሙላት ዕድሉ 35 በመቶ ነው ይላል። አይደለም፤ 19 በመቶ ገደማ ነው።

ምንጩ ተራ የካርታ ቆጠራ ነው። ከ52ቱ አምስቱን (በእጅህ ሁለት፣ በፍሎፕ ሦስት) አይተሃል፣ 47 ቀርተዋል። ከ13ቱ ልብ ያልታዩት 9 ናቸው። 9ን ለ47 አካፍለው። 35 በመቶ የሚደርሰው ቀጥለው የሚገለጡትን ሁለቱንም ካርታዎች፣ ተርንንም ሪቨርንም፣ ካየህ ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ። ፖቱ (መሃል ላይ የተጠራቀመው መደብ) ላይ 100 ቺፕ አለ፤ ተጋጣሚህ 50 ጨመረ እንበል። 150 ለማግኘት 50 ትከፍላለህ፤ ያንተ 50 ከጠቅላላው 200 ሩብ ነው፣ ስለዚህ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልግሃል። በ35 ሂሳብ ያዋጣል፤ በ19 አያዋጣም። ተጋጣሚህ ኦል ኢን ከገባ (ያለውን ቺፕ ሁሉ ካስያዘ) ግን ሁለቱንም ካርታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስለምታይ 35ቱ ልክ ነው።

በትንሽ መደብ ጨዋታ ሌላም ነገር አለ። እዚያ ሰው ፍላሽ ፊቱ ተደርድሮ እያየ እንኳ መክፈል አይታክተውም። በዚህ ምሳሌ ልቡ ሲመጣልህ በአማካይ ሌላ 61 ቺፕ ገደማ የምታስከፍለው ከሆነ ክፍያህ ይመለሳል፤ ያውም ትልቅ ፍላሽ የያዘ ሌላ ሰው ከሌለ።