የጭቃ ጎማ ጉባኤ

አንድ አባት ባለሪሞት መኪና ገዝቶ «ለልጄ ነው» ካላችሁ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ይህን ሲል ልጁ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ዛሬ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ሪሞቱን ግን እስካሁን ከሩቅ ነው የሚያውቀው።

መኪናዋ ትራክሳስ የተባለ ኩባንያ የሠራት ቲአርኤክስ-4 ናት፤ ላንድሮቨር ዲፌንደርን አሥር ጊዜ አሳንሰው የሠሯት። ይዛው የመጣችው ጎማ ለድንጋይም ለአፈርም እንከን የማይወጣለት ነበር። ጥፋቱ ሁሉም ሰው ያው ጎማ ያለው መሆኑ ነው። ስለዚህ «የጭቃ ጎማ ያስፈልጋታል» ተባለና ጉዳዩ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማኪያቶ የምንጠጣባት ጠረጴዛ ላይ ቀረበ።

ሐበሻ ስለ ጎማ ምክር አያልቅበትም። አገር ቤት ጎማ መንገድ ላይ አልቆ እንኳ በረባሶ ሆኖ ሁለተኛ ዕድሜ ይኖራል፤ ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ ግማሽ ጎሚስታ ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሼ ናቸው። አሁን ታክሲ ይነዳሉ፤ በጉብዝናቸው ዘመን ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይዘው ዓባይ በረሃን ወርደው ደብረ ማርቆስ የገቡ ሰው ናቸው። «ስማ ልጄ፣ በቾ ሜዳ ላይ ዋልካ የያዘው መኪና አይቼ አውቃለሁ። ጭቃ በስፋት አይሸነፍም። ቀጭን ጎማ ቆርጦ ይገባና ታች ያለውን ደረቅ መሬት ይጨብጣል» አሉ።

«ታች ደረቅ መሬት ከሌለስ ጋሼ?» አለ ኢንጂነሩ። «ጭቃው ጥልቅ ከሆነ ሰፊው ጎማ ነው ከላይ የሚንሳፈፍልዎት።»

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ ስለ ጥልቅ፣ ሌላው ስለ ስስ ጭቃ ነው የሚያወራው። ጭቃውን ሄዶ የለካ ግን የለም። ሂሳቡ ሁለት ጊዜ እስኪከፈል ተከራከሩ።

ሦስተኛው ሰው መኪና የለውም፤ ዩቲዩብ ግን አለው። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ረጅም፣ በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ሰፊ የሆነው ጭቃውን አሽቀንጥሮ ራሱን እንዲያጸዳ ነው ብሎ አስተማረን። እውነቱን ነው። ችግሩ፣ ለማሽቀንጠር ጎማው በኃይል መሽከርከር አለበት፤ ይቺ መኪና ደግሞ ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ እንድትወጣ የተሠራች ናት። የቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ አፈር አንዴ ጥርሱ መካከል ከተቀረቀረ ምንም ያህል የሰላ ጎማ ቢሆን ለስላሳ ሆኖ ባለበት ይሾራል።

ከዚያ የውስጡ ነገር መጣ። ይህ ጎማ ከመነዳሪ የለውም፣ አይነፋም። ቅርጹን የሚይዝለት ውስጡ የገባ ስፖንጅ ነው። ቸርኬው ላይ አየር የሚተነፍስባት ቀዳዳ አለች፤ ጭቃ ውኃ በዚያች ይገባና ስፖንጁ እንደ ፍትፍት ይርሳል፣ መኪናዋም አራት እግሯ ይከብዳታል። መላው ቀላል ነው፦ የቸርኬውን ቀዳዳ መድፈን፣ ጎማውን ራሱን በስስ መብሻ መብሳት፤ ሲሾር ውኃውን እያሽቀነጠረ ያወጣዋል። ወዳጄ ግን አዲስ ጎማ መብሳት አንጀቱ አልቻለም።

ኢንጂነሩ ያነሳው ሌላ ነገርም ነበር። 1.9 ኢንች የሚባለው የቸርኬው ልክ ነው እንጂ የጎማው አይደለም። ሊገዛ የታየው ጎማ ዳር እስከ ዳር 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በአሥር ሲባዛ 1 ሜትር ከ20። ያ የትራክተር ጎማ ነው። «ከራሷ ጎማ የሚበልጥና የሚከብድ ከገጠምክላት ሞተሩ ላይ ያለችውን ማርሽ ጥርሷ ባነሰ መቀየር ይሻልሃል፤ አለዚያ ሞተሩ ሊግል ይችላል» አለው። ጋሼም ደገፉት። በዚያ ቀን ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ ያልተፈጸመውም እሱ ነው። ማርሽ ፎቶ ላይ አይታይማ!

በመጨረሻ የተገዛው ሱፐር ስዋምፐር ሆነ፤ ሉዊዚያና ያለው ኢንተርኮ የተባለ ኩባንያ ለእውነተኛ መኪና የሚሠራው ጎማ፣ ከነስሙ ያነሰው። በጥልቀቱም በስፋቱም አልተመረጠም፤ ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለሚያምር ነው። ጎማው የሚሸጠው በጥንድ መሆኑ የታወቀው ፖስታው ሲከፈት ነው። ሌላ ጥንድ ታዘዘ። ቸርኬው በጥቃቅን ብሎን ዙሪያውን የሚታሰር ዓይነት ስለሆነ ሥራው የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወሰደ። ባለቤቱ በማግስቱ ምስር ስትለቅም ከጠጠሩ ጋር ብሎን አገኘች።

«ይህ የማን ነው?»

«የልጁ ነው» አላት።

«የኔ መኪና ጎማስ?»

የእሷ መኪና አሮጌ ቶዮታ ናት። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የመኪና ደኅንነት ምርመራ አለ፤ የጎማው ጥርስ ከአንድ ኢንች 2/32 በታች ከሆነ መኪናው ይወድቃል። በቤት የሚለካው በአሜሪካ ባለአንድ ሳንቲም ነው፦ ሳንቲሙ ጥርሱ መካከል ተዘቅዝቆ ሲገባ በላዩ የተቀረጸው የሊንከን ጭንቅላት ሙሉውን ከታየ ጎማው አልቋል። በእሷ ጎማ ላይ ሊንከን እስከ ጺሙ ይታያል። «ምርመራው ሲደርስ እናያለን» አላት፣ የሱፐር ስዋምፐሩን ጽሑፍ በጥርስ ብሩሽ እያጸዳ።

ዝናብ ዘንቦ ባደረ እሁድ ጉባኤው ከነነጠላውና ከነሱፉ ወንዝ ዳር ወረደ። መኪናዋ በግርማ ገባች። መሐል ስትደርስ ጥርሱ ተደፈነ፣ ስፖንጁ ረሰረሰ፣ ሞተሩ ጋለ፣ መኪናዋም ራሷን ለማዳን ቆመች። ያኔ የአገር ቤት መንገድ ላይ አይሱዙ የተያዘ ይመስል ሁሉም ረዳት ሆነ፦ «ወደ ኋላ በለው!» «መሪውን ወደ ቀኝ ስበር!» ጋሼ «ድንጋይ አስገቡለት!» ብለው ጮኹ። አምስት ትልልቅ ሰዎች ጫማችንን አየን። ቦቲ ያደረገው ልጁ ብቻ ስለነበር እሱ ገባና በሁለት እጁ አቅፎ አወጣት።

አባትየው ጭቃዋን እንዳይነካው ከለከለው፤ መጀመሪያ ፎቶ መነሳት ነበረባት። ጎማው እንዲታይ ከታች፣ ከጎን፣ በጉልበት ተንበርክኮ ተነሳች።

«አባ፣ አሁን እኔ ልንዳ?» አለ ልጁ።

«ባትሪዋ አልቋል፣ የኔ ጌታ» አለው።