ይድረስ ለተሳቢዬ ክሪክ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጠይቁ ጡረታ መውጣትዎን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከወገቤ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ወገቤ የሚጠይቁ ከሆነ ግን ነገሩን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል።

ይህ ሰው ሁሉ የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ለማያውቅዎ ሰው ላስተዋውቅዎ። እርስዎ በጀልባዬ ተሳቢ አፍንጫ ላይ የቆሙ የብረት እግር ነዎት። ከታች አንዲት ትንሽ ጎማ፣ ከጎን አንድ እጀታ አለዎት። ተሳቢው ከመኪናው ሲፈታ ፊቱን ተሸክመው ይቆማሉ። ሊታሰር ሲል ደግሞ ከመኪናው መንጠቆ ጋር እስኪስተካከል ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ሌላ ሥራ የለዎትም። መጎተቱ የመኪናው ነው፤ ትልቁ ሸክም የሁለቱ ጎማዎች ነው።

መቼም ጎንደር ውስጥ ጀልባ ግቢው ያቆመ ሰው መሳቂያ መሆኑን አልክድም። ውሃው ያለው ጎርጎራ ነው፤ በአዘዞ ወርዶ፣ ቆላ ድባን አልፎ፣ 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ሞተሯን ላሠራ ብዬ ወደ ከተማ ባመጣኋት በሳምንቱ ሰፈሩ ጀልባዋን «የኖኅ መርከብ» ብሎ ስም አወጣላት። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር «እኛንም ታሳፍረናለህ አይደል?» የሚለኝ ጎረቤት አለኝ። እዚህ ከተማ ብዙ ውሃ በአንድ ላይ የምናየው በጥምቀት፣ የፋሲል መዋኛ ሲሞላ ነው። እዚያ ደግሞ የሚዘልበት ሰው እንጂ ጀልባ አይደለም።

ወደ ክሱ ልግባ። ጀልባዋ፣ ሞተሯና ተሳቢው ተደምረው 800 ኪሎ ገደማ ናቸው። ጭነቱ በደንብ ከተቀመጠ ፊት ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛው ግድም ነው። 80 ኪሎ ማለት ነው። ክቡር ሆይ፣ 80 ኪሎ እኮ ኩንታል እንኳ አይሞላም! ቅዳሜ ገበያ አንድ ተሸካሚ ኩንታል ጤፍ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «ዞር በሉ!» እያለ ሰው መሀል ይሮጣል። እርስዎ ግን ብረት ነዎት። ደረትዎ ላይ «500 ኪሎ» የሚል ለጥፈው ነው የኖሩት። የለጠፈውን የማይሠራ እኔ ብቻ ነኝ ወይ ካሉኝ፣ አይደሉም። ሌሎቹ ግን ወገቤን አልነኩትም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ማስመሰልዎ ነው። ባዶውን ሲሆን እጀታዎ እንደ ቅቤ ይዞራል። እንግዳ ፊት ሲሆን ይብሳል፤ ሽቅብ ቁልቁል፣ ሽቅብ ቁልቁል። ጭነት ሲመጣ ግን እጀታው ይዞራል፣ እርስዎ ካሉበት ንቅንቅ የለም።

ያቺን ቅዳሜ ማለዳ ያስታውሷታል። አማቼ ፒካፑን ወደ ኋላ እያስጠጋ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሰፌዳቸውን እንደያዙ አጥሩ ሥር ቆመው ያያሉ። እኔ እጀታውን ይዣለሁ። ቀር… ቀር… ቀር… አራት ጣት ያህል ከፍ አሉልኝ። «ጎበዝ!» አልኩዎ፤ አፌን በቆረጠው። ከዚያ ውስጥዎ አንድ ነገር «ጠቅ» አለ፤ እጀታው እጄ ላይ እንደ እንዝርት ሾረ፤ የተሳቢው አፍንጫ ድንጋዩ ላይ «ጧ!» ብሎ ወደቀ። ከአውራ ጣቴ የቀረው አንድ ስንዝር ነው። እኔም በእልህ ጎንበስ ብዬ በእጄ አነሳሁት። ወገቤ የሄደው ያኔ ነው።

እትዬ «ውይ ልጄን! ኧረ ጠበል ውሰዱት!» አሉ።

«ማንን ነው እትዬ፣ እኔን ነው ክሪኩን?»

«ሁለታችሁንም።»

እንግዲህ ከዚህ መስመር ጀምሮ «እርስዎ» ቀርቷል። አንተ ነህ።

ጋራዥ ወስደን ስንፈታህ ጉድህ ወጣ። እጀታህ የሚያዞራት ትንሽ ጥርስ አለች፤ እሷ ትልቋን ታዞራለች፤ ትልቋ በቱቦህ ውስጥ ያለውን ረጅም ብሎን ታዞራለች፤ ብሎኑ ዳዶው (ብሎን የሚገባበት ባለ ጥርስ ቀለበት) ውስጥ ሲሽከረከር አንተ ትነሳለህ። በወረቀት ሲያዩት ያምራል። ውስጥህ ግን ግራሶው ከአሸዋ ጋር ተለውሶ እንደ ኑግ ልጥልጥ ጠቁሯል። የትንሿ ጥርሶች እንደ ሽማግሌ ድድ ልሙጥ ናቸው። የብሎኑን ጥርስ በጣቴ ሳስኬደው ጫፉ እንደ ምላጭ ስል ሆኗል። ስለት ደግሞ ለቢላ እንጂ ለክሪክ ብሎን ደግ ምልክት አይደለም፤ ውፍረቱ ተበልቶ አልቋል ማለት ነው።

የጋራዡ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ግራሶ ያየው መቼ ነው?» አለኝ። ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

እሺ፣ የእኔም ጥፋት አለበት። ከተሳቢው ጋር በየጊዜው ጣና ውስጥ ነክሬሃለሁ፣ አንድ ቀን በናፍጣ አጥቤ ግራሶ አልቀባሁህም። ቢሆንም ጨው በላኝ እንዳትል። ጣና ጨው የለውም።

ደርቀህ ብቻ ቢሆን ታጥበህ፣ ተቀብተህ ትድን ነበር። ፒን ተቆርጦብህ ቢሆን በሌላ ፒን ትነሳ ነበር። ጥርስህ ከተበላና ቱቦህ ከጎበጠ ግን ምን ይደረጋል? ልጁ «ልበይድልህ?» አለኝ። ቢበይድህ እኮ ከዚያ በኋላ ክሪክ አይደለህም፣ ምሰሶ ነህ። በዚያ ላይ ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ጭሱ በያጁን ያሳምማል። ላንተ ብሎ የሰው ልጅ ለምን ይታመም?

ስምህ ራሱ የጣሊያን ነው። ክሪክ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ግራሶ፤ ጋራዥ ስንገባ ግማሽ አፋችን ጣሊያን ነው። የጣሊያን ጦር እንኳ ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቷል። አንተ ምን ይዘህ ነው የምትግደረደረው?

ምትክህን ፍለጋ መለዋወጫ ቤት ገባሁ። «ክሪክ አለ?» አልኩ። «የምን መኪና?» «የጀልባ።» ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ጀልባ ጎማ ይቀይራል እንዴ?»

በመጨረሻ መርካቶ ስልክ ደወልኩ። እዚያ ያለው ነጋዴ በጥያቄ አጣደፈኝ። ቱቦው ስንት ሚሊ ነው? ሲታጠፍ ቁመቱ ስንት ነው፣ ሲዘረጋስ? ስንት ኪሎ ይሸከማል? የሚበየድ ነው በቡሎን የሚታሰር? አንዱንም አላውቅም። ሜትር ይዤ ወደ አንተ ተመልሼ፣ ወገቤን ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ለካሁህ። ለመጨረሻ ጊዜ እንደ ሐኪም ደባበስኩህ።

አዲሱ በአውቶቡስ መጣ። ወደ ጎን ይታጠፋል። አንተ አትታጠፍም ነበር፤ የቆላ ድባን ጉብታ ሁሉ በእግርህ እየጠረግህ ነው የጎበጥከው። የተሳቢውን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ደገፍን፣ አንገቱን ወፍራም ግንድ ላይ አስተኛን፣ እጅም እግርም ከሥሩ እንዳይገባ ተማማልን። ከዚያ አንተን ፈታን። አራት ቡሎን ነበርክ። ሦስት ዓመት ያስለቀስከኝ አራት ቡሎን! ቡና ሳይፈላ አዲሱ ቆመ።

እትዬ መጥተው እጀታውን ራሳቸው አዞሩት። ተሳቢው ቀስ ብሎ ተነሳ። «አየህ፣ ጠበሉ ሠራ» ብለው ሄዱ።

አንተ አሁን በሩ ጥግ ተጋድመሃል። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ አንድ ጎል አድርገውሃል። ማንንም ሳትሸከም ጥሩ ትቆማለህ።

ከሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ አሳዳሪህ

ግልባጭ፦
ለአዲሱ ክሪክ (እንዲያውቀው)
ለወገቤ
ለቆራሌው፣ በሰፈራችን በሚያልፍበት ጊዜ