ፌሪው ምን በደለን?

የእድራችን ኮሚቴ የዘንድሮውን የሰመር ሽርሽር ከሲያትል በስተሰሜን ካሉትና በፌሪ (ሰውና መኪና በሚያሻግር መርከብ) ከሚደረስባቸው የሳን ሁዋን ደሴቶች ወደ ከተማ ፓርክ አዛውሮታል። ይሁን፤ ፓርክም ያው ሣር ነው። ያንገበገበኝ ሊቀመንበራችን ባለፈው እሁድ የሰጡት ምክንያት ነው። «ፌሪ በደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው፤ ከሐበሻ ቀጠሮ ጋር አይሄድም» አሉ። አዳራሹ አውካካ።

እኔ ግን ዞር ብዬ የሚስቀውን ሰው አየሁት። የሲያትልን አውቶቡስ የሚነዳው እዚያ ነበር፤ እያንዳንዱን ፌርማታ በደቂቃ የሚቆጥር ሰው። ሲታክ ኤርፖርት ተሳፋሪ የሚያነሣው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ መድኃኒት በሰዓቱ ስትሰጥ አድራ በዚያው ወደ ስብሰባው የመጣች ነርስ ነበረች። ሰዓት የማያውቁት እነዚህ ናቸው? ሐበሻ ሠርግ ላይ የሚያረፍደው ሙሽራዋም እንደምታረፍድ ስለሚያውቅ ነው። ኤርፖርት ሲሆን ግን አራት ሰዓት ቀድሞ ይደርስና ሻንጣው ላይ ይቀመጣል። እሱን የማይጠብቅ ነገር ሲያጋጥመው ቀድሞ መገኘትን ያውቅበታል። ፌሪም የማይጠብቅ ነገር ነው።

ደግሞስ አምና ከደሴቶቹ የቀረነው በማን ቀጠሮ ነው? በኢንተርኔት ቀድሞ ስለሚያዘው የፌሪ ቦታ ኮሚቴው በአማርኛ ባስተላለፈው ማስታወቂያ «የመኪና ቦታ በ7 ሰዓት ይለቀቃል» ብሎ ጻፈ። ቦታ ለመያዝ ኃላፊነቱን የወሰዱት አባት ምሳቸውን በሉ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ ከዚያ ልክ በ7 ሰዓት ኮምፒዩተሩን ከፈቱ። በሀገራችን 7 ሰዓት ማለቴ ነው። ቦታው ግን የተለቀቀው በአሜሪካው 7፣ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ አልፎታል። በእርሳቸው የሚፈርድ ሰው ይፈረድበት፤ እንዲያውም ከሁላችንም ሰዓት ያከበሩ እርሳቸው ናቸው። ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው። የጻፈው ሰው ደግሞ ዛሬም ኮሚቴ ውስጥ አለ፤ እሁድ ዕለትም ከሁሉ አብልጦ ሲስቅ ነበር።

ቦታ ሳንይዝ ዘጠኝ መኪና ሆነን ፌሪው ወደሚነሣበት ወደ አናኮርቴስ ሄድን። ከሲያትል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልለን፣ እናቶችን ከኋላ አስቀምጠን። አንዱ ፌሪ ሞልቶ ሄደ፤ ሁለተኛውም ሄደ። በመጨረሻ እንጀራው እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ተቆረሰ፤ ልጆቹም ደሴቶቹን ከሩቅ አይተው ተመለሱ።

እሁድ ስብሰባው ላይ ይህ ሲነሣ ነው አንዱ ተነሥቶ «ትኬት እያለን ከለከሉን፤ ሪዘርቬሽን የሚሉት ሁለተኛ ገንዘብ መብያ ነው» ያለው። ሲጨበጨብለትም ነበር። ወንድሜ፣ ሪዘርቬሽኑ፣ ያው ቦታ ቀድሞ መያዙ፣ በነፃ ነው! ካርድህን የሚይዙት ቦታ ይዘህ ብትቀር ለመቅጣት ነው፤ በዋዜማው እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ከሰረዝክ ግን አንድ ሳንቲም አይነኩብህም። ትኬት የመሻገሪያ ሒሳብ ነው፣ ቦታ ግን ሌላ ነገር ነው። ከእድሩ ቤት ውስጥ መዋጮ የከፈለ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወንበር ያገኛል እንዴ? ሌላም አለ፤ የመኪናው ሒሳብ የሚከፈለው ስትሄድ ብቻ ነው፤ ስትመለስ አትጠየቅም። እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ በነፃ ነው የሚሳፈሩት። መብያ የተባለው ይኸው ነው።

ይባስ ብሎ ከስብሰባው በኋላ አንድ የኮሚቴ አባል ወደ ጎን ሳቡኝና «ቀድሞ የመጣ ይግባ፣ ሰልፍ ሁሉንም እኩል ያደርጋል» አሉኝ። ይኼኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ሰልፍ ማንን ነው እኩል የሚያደርገው? ጊዜ የተረፈውን ነው። ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቅ የሚችለው ጡረታ የወጣ፣ ወይም ቅዳሜን እንደፈለገ የሚያደርግ ሰው ነው። ሌሊት ሠርቶ ቅዳሜ ጠዋት የወጣና እሁድ ማታ ተመልሶ የሚገባ ሰው ሦስት ሰዓቱን ከየት ያመጣል? ሰልፍ ለእሱ በር መዝጊያ ነው። ለመሆኑ ይህን ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? የስኳርና የነጭ ጋዝ ወረፋ ያየን ሰዎች ነን። ያኔ እናቶቻችን ምን አደረጉ? ጀሪካናቸውን በተራቸው አስቀምጠው፣ ጎረቤት አደራ ብለው፣ ቤታቸው ገብተው ሽሮአቸውን ሠሩ። ተራቸው ሲደርስ ተመልሰው መጡ። ሪዘርቬሽን ማለት ይህ ጀሪካን ነው። እኛ የፈጠርነውን ነገር ለነጭ ብቻ የተሠራ አድርገን ፈራነው።

አለቃቀቁን ደግሞ ተመልከቱት። ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ቦታ የሚለቀቀው የወቅቱ የፌሪ መርሐ ግብር ከመጀመሩ 2 ወር ቀድሞ ነው፤ ይኼ ዓመቱን በካላንደር ለሚኖር ሰው ነው። ያንኑ የሚያህለው ከጉዞው 2 ሳምንት ሲቀረው፣ ሌላው ደግሞ 2 ቀን ሲቀረው ይለቀቃል። የቀረው ጥቂት ቦታ ያለ ቀጠሮ ለሚመጣ ይቆያል። ያ የ2 ቀኑ ለማን የታሰበ ይመስላችኋል? የሳምንት ሺፍቱ ረቡዕ ማታ ለሚነገረው ሰው ነዋ! ለእኛ ሰው! የሚለቀቀውም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው፤ የሌሊት ሠራተኛ ባጁን መትቶ የሚወጣበት ሰዓት። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በስልኩ ቦታውን ይዞ ቤቱ ገብቶ መተኛት ይችላል። ሐበሻን አስቦ ቢሠራው ከዚህ አያበልጥም።

ሰልፍ የናፈቀው ሩቅ መሄድ የለበትም። ወደ ቫሾን ደሴት የሚሻገረው የፎንትለሮይ ፌሪ ሪዘርቬሽን አይቀበልም። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ሂዱና መኪናው በሰፈሩ መንገድ ዳር ዳር ተሰልፎ እዩት፤ ከዚያ ስለ እኩልነት እናወራለን።

አንድ ነገር አልክድም፤ ፌሪዎቹ አርጅተዋል። በደሴቶቹ መካከል ስትመላለስ የኖረችው ቲሊከም የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። አንዷ ሲበላሽባቸው ቦታ የያዘውም ይጉላላል። ግን እኛ እስከዚያም አልደረስንም፤ የተበላሸብን ማስታወቂያው ነው።

የኮሚቴውን ሥራ ልሥራላቸው እንግዲህ። ከደሴቶቹ ኦርካስ ተራራው ያምራል፣ አናቱ 734 ሜትር ነው፤ ለእናቶች ጉልበት ግን አይሆንም። ፍራይደይ ሃርበር የምትባለው የወደብ ከተማ ከፌሪው ወርዶ በእግር ለሚዞር ሰው ነው። ለእኛ ሎፔዝ ደሴት ይሻላል፤ ሜዳ ነው፣ ኦድሊን የሚባለው የባሕር ዳር ፓርክም ከመውረጃው ብዙ አይርቅም። ሎፔዝ ላይ ሹፌር ሁሉ ከመሪው ጣቱን አንሥቶ የማያውቀውን ሰላም ይላል፤ አባቶቻችን እዚያ ሲደርሱ ሀገራቸው የገቡ ነው የሚመስላቸው። ዘጠኝ መኪናም አያስፈልግም። ድስትና አዛውንት የያዙት አራቱ ይግቡ፤ ወጣቱ መኪናውን አናኮርቴስ አቁሞ በእግሩ ይሳፈር፣ እግረኛ ሪዘርቬሽን አያሻውም። የመኪናዎቹ መመለሻም ከወዲሁ ይታሰብበት፤ ሒሳብ የለውም ተብሎ ይህ የሚረሳ ብዙ ነው፣ ከዚያ ደሴቱ ላይ መሽቶ ይቀራል። ከመነሻው 30 ደቂቃ በፊት ደግሞ የትኬቱን በር ማለፍ ግድ ነው፤ ያለዚያ የተያዘው ቦታ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ለኮሚቴው ማስታወስ አይገባኝም ነበር።

ፓርኩ የሚሻለው ፓርኩ ይሂድ። እኔ ከሽርሽሩ 2 ቀን በፊት ባለው ሐሙስ ጠዋት፣ በሀገራችን 1 ሰዓት፣ በአሜሪካው 7፣ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። ሎፔዝ የሚመጣ እስከ ረቡዕ ማታ የመኪናውን ርዝመትና ቁመት ይንገረኝ። ሊቀመንበራችንም ቢሆኑ አንድ ቦታ እይዝላቸዋለሁ፤ የጣሪያ ሳጥኑን ግን ያውርዱት።