ጽንስ ሲጨነግፍ አውሮፕላኑን ለምን እንከሳለን?

አንዲት ሴት በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ሳምንታት ከሐዋሳ ተነሥታ በአውሮፕላን ተጉዛ ስትመለስ ጽንሷ ቢጨነግፍ፣ ሊጠይቃት ከሚመጣው ዘመድ አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ምነው ልጄ፣ በዚህ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ምን አወጣሽ?» የሚል ወቀሳ ነው። ይህ ወቀሳ በሐዘኗ ላይ ሌላ ሸክም የሚጨምር ከመሆኑም በላይ መሠረት የለውም።

ከታወቁ 100 እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይጨነግፋሉ፤ አብዛኞቹም የሚጨነግፉት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ነው። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ የሚጠፉት ጽንሱ የክሮሞሶም (ከወላጆች የሚወረሰውን ባሕርይ የሚሸከሙት የሕዋስ ክፍሎች) ጉድለት ስላለበት ሲሆን፣ ጉድለቱም በአብዛኛው ከፅንሰቱ አንሥቶ የነበረ፣ ማለትም ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት የተወሰነ ነገር ነው። ሴትየዋ ያን ሳምንት ከአልጋዋ ሳትወርድ ብትሰነብት ኖሮም ውጤቱ አይለወጥም ነበር።

ብዙዎች የሚፈሩት የአየሩን መሳሳት ነው። በበረራ ላይ በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ለእህቷ ሰርግ በአውቶቡስ አዲስ አበባ የወጣች ነፍሰ ጡር፣ ማንም ሳይከለክላት፣ አውሮፕላን ውስጥ የሚያጋጥማትን ዓይነት አየር ስትተነፍስ ትሰነብታለች። ሥራቸው በረራ የሆነ የበረራ አስተናጋጆች በከፍታ ላይ ስለሚጨምረው ጨረር ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባቸዋል፤ አልፎ አልፎ ለምትጓዝ ጤነኛ ሴት ግን ይህ የሚያሳስብ አይደለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ከ100 እርግዝና በ1 ወይም በ2 ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ በማሕፀን ቱቦ ውስጥ፣ ያድጋል፤ ቱቦው ከፈነዳ የእናቲቱን ሕይወት የሚያድነው አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ነው። ይህን በረራው አያመጣውም፤ ነገር ግን ሐኪም በሌለበት፣ ባሕር ላይ፣ ለማረፍ ሰዓታት ሲቀሩ ሊከሰት ይችላል። ምልክቱም አሳሳች ነው፦ በታችኛው ሆድ በአንድ ወገን የሚወጋ ሕመም፣ ጥቂት ደም፣ ማዞር፣ አንዳንዴም ሻንጣ በመሸከም የመጣ የሚመስል የትከሻ ጫፍ ሕመም። ስለዚህ ባልም ሆነ አማት ትኬት ከማሰረዛቸው በፊት መጠየቅ ያለባቸው «አልትራሳውንድ ታይተሻል? ጽንሱ በቦታው ነው ወይ?» ብለው ነው። ደም እየታያት፣ ሆዷን እየቆረጣት ወይም ውኃ እንኳ አልረጋ እያላት የምትጓዝ ሴት ግን በርግጥ ልትከለከል ይገባል፤ ከባድ የደም ማነስ ያለባትም እንዲሁ።

ረጅም በረራ ላይ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ በየጊዜው ተነሥቶ መንቀሳቀስና ውኃ መጠጣት ያሻል፤ ቀድሞ የደም መርጋት ያጋጠማት ሴት ከመጓዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ከሁሉ የሚገርመኝ፣ አውሮፕላኑን ፈርተን ያስቀረናትን ሴት 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው የአዲስ አበባ መንገድ በሚበር ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠን በሰላም መሸኘታችን ነው። ወንበሩ የመቀመጫ ቀበቶ እንዳለው፣ ካለውም ከሆዷ ዝቅ ብሎ በዳሌዋ ላይ መታሰሩን የሚያይላት የለም።